ከሀሪኬን ይሸሻል፣ ከቶርኔዶ ይደበቃል

ቶርኔዶ ከነጎድጓድ ደመና ወርዶ መሬት የነካ፣ በብርቱ የሚሽከረከር የአየር ዓምድ ነው። ከደመናው ተንጠልጥሎ መሬት እስካልነካ ድረስ ቶርኔዶ አይባልም፤ መሬት ላይ እየተሽከረከረ ከላዩ ደመና ከሌለው ደግሞ ስሙ ሌላ ነው። ይህን መለየት ለአማርኛ ተናጋሪ ከማንም ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ ቋንቋው ለሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ስም ይሰጣልና። በበጋ አውላላ ሜዳ ላይ ገለባና አቧራ እያዞረ ሲያልፍ ልጆች «ሰይጣን አለበት» እያሉ የሚሸሹት ዐውሎ ነፋስ ይባላል። ከውቅያኖስ ተነሥቶ ለቀናት የሚጓዘው ሀሪኬንም ዐውሎ ነፋስ ነው። ዜና አንባቢው ስለ ቶርኔዶ ሲናገርም ያው ዐውሎ ነፋስ ይላል፤ ቢበዛ «ኃይለኛ» የሚል ቅጽል ይጨምርበታል።

የሜዳው ዐውሎ ከጋለ መሬት ተነሥቶ ጥቂት ተጫውቶ ይጠፋል። ሀሪኬን ስፋቱ በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ስለሆነ አመጣጡ ከቀናት በፊት ይታያል፤ ሰው ቤቱን ቆልፎ፣ ቤተሰቡን መኪና ላይ ጭኖ ከተማውን ለቆ ይወጣል። ቶርኔዶ ግን ወርዱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኳስ ሜዳ አይበልጥም፤ ዕድሜው በአብዛኛው ከ10 ደቂቃ ያንሳል፤ የት ሰፈር እንደሚወርድ የሚታወቀውም ሊወርድ ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ከተማ ለቆ መውጣት አይቻልም፤ መንገድ ላይ መገኘት ደግሞ ቤት ከመገኘት ይከፋል። ከሀሪኬን ይሸሻል፤ ከቶርኔዶ ይደበቃል። መደበቂያውን አስቀድሞ ያልመረጠ ሰው ያለችውን ደቂቃ በፍለጋ ይጨርሳታል።

ቶርኔዶ በብዛት የሚወርደው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ በዓመት በአማካይ 1,200 ያህል ይመዘገባል። ካናዳ በሩቁ ትከተላለች። ከሁሉ በላይ ሰው የፈጀው ግን ባንግላዴሽ ውስጥ የወረደው ነው፤ በኤፕሪል 1989 ዳውላትፑርንና ሳቱሪያን የመታው ቶርኔዶ 1,300 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። (እዚህ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ ታሪክ የከፋው ማርች 18 ቀን 1925 ሚዙሪን፣ ኢሊኖይንና ኢንዲያናን አቋርጦ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘው ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል መሬት ላይ ቆይቶ 695 ሰው ገደለ። በዚያ ዘመን የአገሪቱ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት «ቶርኔዶ» የሚለውን ቃል በትንበያው ውስጥ አይጠቀምም ነበር፤ ሕዝቡ ይደናገጣል በሚል ፍርሃት። የመጀመሪያው የተሳካ የቶርኔዶ ትንበያ የወጣው ማርች 25 ቀን 1948 ሲሆን፣ ያወጡትም ኦክላሆማ በሚገኘው በቲንከር የአየር ኃይል ሰፈር የሚሠሩ ፎውቡሽና ሚለር የተባሉ ሁለት መኮንኖች ነበሩ። ከአምስት ቀን በፊት ያው ሰፈር በቶርኔዶ ተመትቶ ነበርና አዛዡ ደግመው እንዳይታለሉ ፈልገዋል። ቃሉን ዝም ማሰኘት ማንንም አላዳነም።

አገሪቱ ይህ ሁሉ የደረሰባት በአቀማመጧ ምክንያት ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ከታች ይገባል፤ ከምዕራብ፣ ከሮኪ ተራሮች በኩል፣ ደረቅ አየር መጥቶ ከላዩ ይተኛበታል። ክዳኑ ተጭኖት እሳት ላይ እንደቆየ ድስት ሙቀቱ ከታች ሲጠራቀም ይውላል። ከሰዓት በኋላ ክዳኑ አንድ ቦታ ሲከፈት እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይተኮሳል። ነፋሱ ከታች በአንድ አቅጣጫ በዝግታ፣ ከላይ በሌላ አቅጣጫ በፍጥነት የሚነፍስ ከሆነ በመካከል ያለው አየር እንደተጠቀለለ ሰሌን ተጋድሞ ይሽከረከራል፤ ወደ ላይ የሚተኮሰው አየር ያንን ጥቅል አንሥቶ ያቆመዋል። እንዲህ ያለው ሙሉ በሙሉ የሚሽከረከር ደመና ሱፐርሴል ይባላል። ብዙው ሱፐርሴል በረዶና ዝናቡን ጥሎ ያልፋል፤ ቶርኔዶ የሚወልደው ጥቂቱ ነው። አንዱ ለምን እንደሚወልድ፣ ጎረቤቱ ለምን እንደሚመክን ሳይንሱ ገና አልጨረሰውም። ወቅቱ በአብዛኛው ጸደይ ነው፤ ሰዓቱም ከቀትር በኋላ እስከ ምሽት። ይሁን እንጂ በዲሴምበር የወረዱ ከባድ ቶርኔዶዎች አሉ፤ በደቡብ ምሥራቅ ክፍለ ግዛቶች ደግሞ ሰው ተኝቶ ሳለ በሌሊት ይመጣሉ።

ጉልበታቸው የሚለካው ከወረዱ በኋላ ጉዳቱ ታይቶ ነው። መለኪያውን በ1971 ያወጡት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ቴትሱያ ፉጂታ ሲሆኑ፣ በወጣትነታቸው በሂሮሺማና በናጋሳኪ የአቶሚክ ቦምቡ የጣለውን ዛፍና ግድግዳ አይተው የኃይሉን አቅጣጫ ማንበብ የተማሩ ሰው ነበሩ። ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት የተሻሻለው መለኪያ ከኢኤፍ 0 እስከ ኢኤፍ 5 ይሄዳል፤ ዝቅተኛው በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ከሚነፍስ ነፋስ ይጀምራል፣ ከፍተኛው ከ322 በላይ ነው። ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ከኢኤፍ 1 አያልፉም። ለመጠለያ ፈላጊው ይህ ቁጥር በሰዓቱ አይጠቅመውም፤ የሚነገረው በማግስቱ ነው። አንድ ነገር ግን ያስረዳዋል፤ አብዛኛው ቶርኔዶ ደህና በተሠራ ቤት ውስጠኛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠን ሰው አይገድልም።

ማስጠንቀቂያውን መረዳት የነገሩ ግማሽ ነው። በእንግሊዝኛ «ቶርኔዶ ዎች» እና «ቶርኔዶ ዎርኒንግ» የሚባሉ ሁለት የተለያዩ መልእክቶች አሉ፤ በአማርኛ ሁለቱም «ማስጠንቀቂያ» እየተባሉ ስለሚተረጎሙ ልዩነታቸው ይጠፋል። ዎች ማለት ተጠባበቁ ማለት ነው፤ ሰማዩ ቶርኔዶ ሊወልድ የሚችል ሆኗል፣ የወረደ ግን የለም። የሚወጣው ኦክላሆማ ኖርማን ከተማ ካለው ብሔራዊ የማዕበል ትንበያ ማዕከል ነው፤ ሰፊ አካባቢ ይሸፍናል፣ ለብዙ ሰዓትም ይቆያል። ዎርኒንግ ማለት ግቡ ማለት ነው፤ ራዳሩ በደመናው ውስጥ ሽክርክሪት አይቷል፣ ወይም ሰው በዓይኑ አይቶ ተናግሯል። ይህን የሚያወጣው የአካባቢው የአየር ጠባይ ቢሮ ሲሆን ካርታ ላይ ጠባብ ቁራጭ መሬት ከልሎ ለግማሽ ሰዓት ወይም ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ነው። ከዎርኒንጉ እስከ ቶርኔዶው ያለው ጊዜ በአማካይ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። አንዳንዴ ምንም የለም።

ከ2012 ጀምሮ ዎርኒንጉ በክልሉ ውስጥ ወዳለ ስልክ ሁሉ ከአንቴናው በቀጥታ ይላካል፤ መመዝገብ አያስፈልግም። ድምፁ ኪስ ውስጥ እንደ እሳት አደጋ ደወል ስለሚጮህ ብዙ ሰው አንድ ቀን ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሰው ከስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ያጠፋዋል፤ ካጠፋው በኋላም ማጥፋቱን ይረሳል። መልእክቱ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት ወይም አያት ባሉበት ቤት ቢያንስ ሁለቱን ቃላት፣ ዎችንና ዎርኒንግን፣ በጆሯቸው ለይተው እንዲያውቁ ማድረግ የልጆቹ ሥራ ነው። የከተማው ሳይረን ደግሞ የተሠራው ደጅ ላለ ሰው እንጂ ቤቱ ዘግቶ፣ ቴሌቪዥን ከፍቶ ለተቀመጠ አይደለም። ላይጮህም ይችላል። ሜይ 16 ቀን 2025 ሴንት ሉዊስን የመታው ቶርኔዶ ሲመጣ የከተማዋ ሳይረኖች ዝም እንዳሉ ነበር። ለሌሊት የሚሻለው በባትሪም የሚሠራው የአየር ጠባይ ራዲዮ ነው፤ ዝም ብሎ ቆይቶ ዎርኒንግ ሲወጣ ራሱ ይጮሃል።

ሰው ማስጠንቀቂያ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው መግባት ሳይሆን ማረጋገጥ ነው። መስኮት ይከፍታል፣ በረንዳ ይወጣል፣ ጓደኛው ጋ ይደውላል፣ አሁን አሁን ደግሞ ቪዲዮ ይቀርጻል። ሜይ 22 ቀን 2011 የሚዙሪዋን ጆፕሊን የመታው ኢኤፍ 5 ቶርኔዶ ከተማው ከመግባቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ሳይረን ጮኾ ነበር። ከአደጋው በኋላ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው አብዛኛው ነዋሪ ሌላ ምልክት እስኪያይ ጠበቀ፤ ሳይረን ጮኾ ምንም ሳይሆን የቀረበት ቀን ብዙ ነበርና። በዚያ ቀን የሞተው ከ150 ሰው በላይ ነው። ዓይንም አያስተማምንም። ብዙ ቶርኔዶ በዝናብ ተጋርዶ ይመጣል፤ ሌሊት የሚመጣው ደግሞ የሚታየው በመብረቅ ብልጭታ ነው። ቢታይና ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይንቀሳቀስ መጠኑ ብቻ እየጨመረ ከሄደ ወደ ተመልካቹ እየመጣ ነው ማለት ነው።

የሚገድለው ምንድን ነው? ሰው በአየር ላይ ተነሥቶ ሲወሰድ በሐሳቡ ያያል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚገድለው ነፋሱ ይዞት የሚመጣው ነገር ነው። ጣውላ፣ ጡብ፣ ቆርቆሮ፣ የመስታወት ስብርባሪ፣ አንዳንዴም መኪና። በቴክሳስ ላበክ ከተማ፣ በ1970 ከተማዋ ራሷ ከተመታች በኋላ፣ የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአየር መድፍ ጣውላ እየተኮሱ ግድግዳ ይፈትናሉ። ጣውላው ለቤት ማገር የሚውለው ዓይነት ነው፤ ክብደቱ 6.8 ኪሎ ግራም፣ ፍጥነቱ በሰዓት 161 ኪሎ ሜትር። የተለመደውን የጡብ ልባስ ያለው የእንጨት ግድግዳ ዘልቆት ይወጣል። ስለ መጠለያ የሚነገረው ሁሉ ከዚህች ጣውላ ይነሣል፤ በሰውየውና በደጁ መካከል ስንት ግድግዳ ይቆማል?

መልሱም አስቸጋሪ አይደለም። ዝቅ ያለ፣ ወደ መሐል የገባ፣ መስኮት የሌለው፣ ጠባብ ክፍል። ቤዝመንት ካለ ከሁሉ ይሻላል፤ እዚያም ቢሆን ከጠንካራ ጠረጴዛ ወይም ከደረጃው ሥር፣ ከላይ ባለው ፎቅ ማቀዝቀዣና ማጠቢያ ማሽን ከቆመበት ቦታ ራቅ ብሎ። በቴክሳስና በኦክላሆማ ቤዝመንት ያለው ቤት ጥቂት ነው። በሌለበት ምድር ወለሉ ላይ ያለ መታጠቢያ ክፍል፣ ክሎዜት፣ ወይም ከሁለቱም ወገን ክፍሎች ያሉት ኮሪደር ይመረጣል። ጠባብ ክፍል የሚመረጠው ግድግዳዎቹ ስለሚቀራረቡና ጣሪያውን ተደጋግፈው ስለሚይዙ ነው፤ ሰፊው ሳሎን ጣሪያው ሲነሣ ግድግዳዎቹን የሚይዝለት የለውም።

ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ውስጥ ምድር ወለል ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ይታሰብ። ሳሎኑ ወደ በረንዳው የሚያስወጣ ሰፊ የመስታወት በር አለው፤ ረከቦቱ ብርሃን እንዲያገኝ እዚያው መስታወቱ አጠገብ ተቀምጧል፣ ሶፋውም ጀርባውን ሰጥቶታል። ቤተሰቡ ማምሻውን የሚሰባሰበው እዚያ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ የሚከፋው ቦታም ያው ነው። መኝታ ቤቶቹ እያንዳንዳቸው የውጭ መስኮት አላቸው። ከመስኮት ነፃ የሆነው በሁለቱ መኝታ ቤቶች መካከል ያለው መታጠቢያ ክፍልና ከበሩ ጎን ያለው ትልቁ ክሎዜት ነው። ክሎዜቱ ግን እስከ ጣሪያው ተሞልቷል፤ አንድ ሰው ሲሄድ ወደ አገር ቤት የሚላኩ ሁለት ሻንጣዎች፣ የክረምት ካፖርት፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣ ትልቅ ድስት። ይህ ቤተሰብ መጠለያ አለው፤ ሊገባበት ግን አይችልም። ዎች ሲወጣ ሻንጣዎቹን ወደ ሳሎን ማውጣት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ዎርኒንግ ሲወጣ ግን አምስቱ ደቂቃ የለም።

በሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ደግሞ አስቀድሞ ከምድር ወለሉ ጎረቤት ጋር መነጋገር አለበት። በአሜሪካ አፓርታማ ጎረቤት ሰላምታ ብቻ ተለዋውጦ ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ሌሊት በር ለማንኳኳት ግን ከዚያ በፊት አንድ ቡና መጠጣት ይበቃል። ይህ ካልሆነ ከሕንፃው መሐል ያለው ደረጃ ወይም ኮሪደር ምድር ወለሉ ላይ ይሻላል። አሳንሰር አይገባበትም፤ መብራት ሲጠፋ መሐል ላይ ይቆማል።

ከገቡ በኋላ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ፊትን ወደ መሬት ደፍቶ፣ አንገትንና ራስን በእጅ መሸፈን ነው። ፍራሽ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ከላይ ይደረባል። መታጠቢያ ገንዳው የውስጥ ክፍል ውስጥ ከሆነ ገብቶ መተኛት ይቻላል። ራስ የሚጎዳበት አደጋ ስለሆነ የብስክሌት ወይም የሞተር ሳይክል ሄልሜት ትልቅ ነገር ነው፤ በ2011 ቶርኔዶዎች አላባማን ከመቱ በኋላ የበርሚንግሃም ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ይህን አጥብቀው መክረዋል። ሕፃን በመኪና መቀመጫው ውስጥ ታስሮ ቢገባ ከእናቱ እቅፍ ይሻለዋል፤ ነፋስ ከእቅፍ ይነጥቃል። ጫማ ማድረግም አይረሳ፤ ከቶርኔዶ በኋላ የሚረገጠው ሁሉ መስታወትና ምስማር ነው።

በዚህ መካከል ሁለት የቆዩ ምክሮች አሁንም ሲነገሩ ይሰማል። አንደኛው መስኮት ይከፈት፣ ቤቱ በግፊት ልዩነት እንዳይፈነዳ የሚለው ነው። ቤት የሚፈርሰው ፈንድቶ ሳይሆን ነፋስ ገብቶ ጣሪያውን ከውስጥ ሲገፋው ነው፤ መስኮት መክፈት ነፋሱን መጋበዝ ነው፣ ሰውየውንም መስታወቱ ፊት ያቆመዋል። ሁለተኛው ከቤዝመንቱ ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ይገባ የሚለው ነው። ይህ ምክር ከ19ኛው መቶ ዘመን የመጣ ሲሆን፣ የአሜሪካ ጦር የአየር ጠባይ ባለሙያ የነበሩት ጆን ፊንሊም በ1887 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ወገን ይመርጡ ነበር፤ ቶርኔዶው ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ ፍርስራሹ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወድቃል በሚል ስሌት። በ1966 የካንሳሷ ቶፔካ ከተመታች በኋላ ጆ ኢግልማን የተባሉ ፕሮፌሰር የፈረሱትን ቤቶች አንድ በአንድ ሲመረምሩ ውጤቱ ተገለበጠ። ነፋሱ መጀመሪያ የሚመታው ያንኑ ወገን ነውና ግድግዳው የሚወድቀው እዚያ የተሸሸገው ሰው ላይ ነበር። ምክሩ ግን ከማስተባበያው ይልቅ ዕድሜ አግኝቶ እስከ ዛሬ ይዞራል።

ገንዘብ ያለው ወይም ቤቱን ገና የሚሠራ ሰው በጋራዡ ወለል ሥር ወይም ቤት ውስጥ ከብረትና ከኮንክሪት የተሠራ አነስተኛ ክፍል ሊያስገባ ይችላል። የፌደራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ደንብ እንዲህ ያለው ክፍል በሰዓት 402 ኪሎ ሜትር ነፋስንና ያችን የላበክ ጣውላ እንዲቋቋም ይጠይቃል። ዋጋው ሺዎች ዶላር ነው፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ከወጪው ከፊሉን ይመልሳሉ። በኢኤፍ 5 ፊት የውስጥ መታጠቢያ ክፍል በቂ ላይሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ክፍል ግን በቂ ነው።

ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ማለትም ከፋብሪካ ተሠርቶ በጎማ ተጎትቶ የሚቆመው፣ የተለየ ሕግ አለው። በውስጡ ምንም ዓይነት መጠለያ የለም፤ መታጠቢያ ክፍሉም፣ ኮሪደሩም አያድንም። በአሜሪካ ከመኖሪያ ቤቶች ትንሹን ክፍል የሚይዙት እነዚህ ቤቶች ሲሆኑ፣ በቶርኔዶ ቤት ውስጥ ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በእነሱ ውስጥ ነው። ደካማው ቶርኔዶ እንኳ ሊገለብጣቸው ይችላል። እዚያ የሚኖር ሰው መውጣት ያለበት ዎርኒንግ ሲወጣ ሳይሆን ዎች ሲወጣ ነው፤ ወደ ዘመድ ቤት ወይም ወደ አካባቢው የጋራ መጠለያ። በዚህ ጉዳይ ያለምክንያት የወጣ ሰው የሚከስረው አንድ ምሽት ብቻ ነው።

ሰፊ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ሌላው ወጥመድ ነው። ስፖርት ቤት፣ ትልልቅ መደብር፣ መጋዘን፣ ቤተ ክርስቲያን፤ ትልቅነታቸው ጠንካራ ያስመስላቸዋል። ማርች 27 ቀን 1994፣ የሆሳዕና እሑድ፣ አላባማ ውስጥ ጎሼን የተባለችው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በአምልኮ ላይ ሳሉ ቶርኔዶ ደረሰባቸው። ዎርኒንግ ከ12 ደቂቃ በፊት ወጥቶ ነበር፤ ውስጥ ላሉት ግን አልደረሳቸውም። ጣሪያው ወድቆ 20 ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ ልጆች ነበሩበት። በዳላስ፣ በአትላንታ ወይም በናሽቪል ካሉት የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ የተገዙ አሮጌ አዳራሾች ናቸው፤ በቅዳሴ ሰዓት ስልክ ይዘጋል፣ ደግሞም ይገባል። ከዲያቆናቱ ወይም ከአስተናጋጆቹ አንዱ በር ላይ ሆኖ የአየር ጠባይ ራዲዮ ቢይዝ፣ ሕዝቡም ከዋናው አዳራሽ ወደ ኋላ ክፍሎችና ወደ ቤዝመንቱ በየትኛው በር እንደሚወጣ አስቀድሞ ቢታወቅ ብዙ ወጪ የለውም። ሕንፃው ከመቆሙ ይልቅ ሰው ከመሐሉ መውጣቱ ነው ቁም ነገሩ።

ዲሴምበር 10 ቀን 2021 ኢሊኖይ ኤድዋርድስቪል ውስጥ አንድ ግዙፍ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ሲመታ የኮንክሪት ግድግዳው ወደ ውስጥ ተደፋና 6 ሰው ሞተ። ከአንደኛው ወገን ባሉት መታጠቢያ ክፍሎች የተጠለሉት ወጡ፤ ሟቾቹ የነበሩት በሌላው ወገን ነው። በየመጋዘኑ ሌሊት የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነው። በሥራው የመጀመሪያ ቀን የት ካርድ እንደሚመታ ይነገረዋል፤ የት እንደሚጠለል መጠየቅ ያለበት ራሱ ነው፣ ቦታውን ሄዶ በዓይኑ ማየትም።

መኪና ከሁሉ የከፋው ነው። ዲሴምበር 26 ቀን 2015፣ የገና ማግሥት ምሽት፣ ጨለማና ዝናብ ውስጥ አንድ ኢኤፍ 4 ቶርኔዶ ጋርላንድ ገባ። መንገዱን የያዘው አውራ ጎዳና 30 እና ጆርጅ ቡሽ ተርንፓይክ በሚገናኙበት ድልድይ ላይ ነበር። ከበዓል የሚመለሱ ሰዎች መኪኖች ከከፍታው ተገፍትረው ወደቁ። በዚያ ምሽት ጋርላንድ አካባቢ ከሞቱት 10 ሰዎች አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ነበሩ። ከተማ አይመታም፣ ወንዝና ኮረብታ ይመልሰዋል የሚለው እምነት በዚህ አካባቢ ያከተመ ይመስላል፤ በ2019 ሰሜን ዳላስን፣ በ2020 ናሽቪልን ከእኩለ ሌሊት በኋላ የመቱት ደግሞ ጨርሰውታል።

የታክሲና የከባድ መኪና ሾፌሮች ይህን በተለይ ማወቅ አለባቸው። ዎርኒንግ ሲሰማ በቅርብ ያለ ጠንካራ ሕንፃ ከተገኘ መኪናውን ትቶ መግባት ነው፤ የነዳጅ ማደያ የውስጥ መጸዳጃ ክፍል ከመኪና ይሻላል። የድልድይ ሥር መጠለያ አይደለም። ይህ ስሕተት የመጣው በ1991 ካንሳስ ውስጥ ከተቀረጸ ቪዲዮ ነው፤ የቴሌቪዥን ባለሙያዎችና መንገደኞች ከድልድይ ሥር ተጠልለው ሲተርፉ በመላው አገር ታየ። ሰዎቹን ድልድዩ አላዳናቸውም፤ ቶርኔዶው ደካማ ነበር፣ በቀጥታም አልመታቸውም። በ1999 በኦክላሆማ ሦስት ሰዎች ከሦስት የተለያዩ ድልድዮች ሥር ሞቱ። ነፋሱ በጠባቡ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ይዞት የመጣውንም ሁሉ እዚያ ያራግፋል፤ መኪናቸውን ከሥሩ ያቆሙትም መንገዱን ለሌላው ይዘጋሉ።

በመኪና ማምለጥስ? ሜይ 31 ቀን 2013 ኦክላሆማ ኤል ሬኖ አጠገብ 4.2 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ቶርኔዶ ወረደ። ከ11 ቀን በፊት ሙር ከተማ ተመትታ፣ ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ሰባት ልጆች ሞተው ነበርና ሕዝቡ በፍርሃት መኪናውን አስነሥቶ ወጣ። መንገዶቹ ሁሉ ተዘጉ፤ ሺዎች ከተራቸው ሳይነቃነቁ ማዕበሉን ጠበቁት። በቶርኔዶው የሞቱት ስምንት ሰዎች መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶርኔዶ ሲያጠኑ የኖሩት ቲም ሳማራስም ከልጃቸውና ከባልደረባቸው ጋር በዚያ ቀን ሞቱ። በዚያው ምሽት በጎርፍ የሞተው ሰው ደግሞ በቶርኔዶው ከሞተው በለጠ፤ ከእነሱም ከነፋሱ ለመደበቅ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ የገቡ ነበሩበት።

ሌላ ምርጫ ጨርሶ ሲጠፋ ሁለት ነገር ይቀራል። መኪናው ውስጥ ቀበቶ እንደታሰረ ራስን ከመስኮቱ በታች አጎንብሶ በልብስ መሸፈን፤ ወይም ከመንገዱ በግልጽ ዝቅ ያለ፣ ውኃ የማይሞላው ቦታ ካለ ከመኪናው ርቆ እዚያ በደረት መተኛት። ሁለቱም የመጨረሻ አማራጮች ናቸው፤ ለምርጫ የሚቀርቡ አይደሉም።

ቶርኔዶው ካለፈ በኋላ ወዲያው መውጣት አይገባም። አንድ ደመና ተከታትለው የሚመጡ ቶርኔዶዎች ሊወልድ ይችላል፤ ዎርኒንጉ የሚያበቃበት ሰዓት በመልእክቱ ላይ ተጽፏል። ጋዝ ከሸተተ ክብሪት አይጫርም፣ መብራት አይበራም፤ ሰው ሁሉ ይወጣል። የወደቀ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የነካው አጥርና ውኃም ጭምር፣ የበራ ያህል ይቆጠራል። ጄኔሬተር ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ አይነሣም፤ ከሰልም አይያያዝም። ከሰል ገብቶ ተዘግቶበት የሞተ ሰው ታሪክ በአገር ቤት ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ጭሱ የማይታየው የጄኔሬተሩ አየርም የሚገድለው በዚያው መንገድ ነው። ስልኩ ሲጨናነቅ የጽሑፍ መልእክት ከጥሪ ይልቅ ያልፋል። 911 ላይ እንግሊዝኛ የሚቸግረው ሰው «አምሃሪክ» የምትለውን አንዲት ቃል ቢናገር ብዙዎቹ ማዕከሎች በስልክ አስተርጓሚ ያገናኙታል።

ፍርስራሹ ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ ክፍል ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ ይነሣል፤ ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ተከራይም የራሱ ኢንሹራንስ ከሌለው የቤቱ ባለቤት ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለግድግዳው እንጂ ለእሱ ሶፋ አይደለም። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድና የልጆች የልደት ወረቀት ውኃ በማያስገባ ከረጢት ታስረው ከመጠለያው ክፍል ውስጥ አስቀድመው ይቀመጣሉ፤ ክሎዜቱ ውስጥ፣ ሻንጣዎቹ በነበሩበት ቦታ።